ቲማቲም በሦስተኛ ማርሽ

«ሚስቴ? ኧረ ተወኝ ጌዴዎን! እናኑ እኮ አውቶማቲክ ናት» ሲል ሰማችው። እናኑ መታጠቢያ ቤት ቆማ የባሏን የጉልበት ማሰሪያ እያጠበች ነበር። ብዙነህ ደግሞ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስልክ በጆሮውና በትከሻው መሀል ሰክቶ፣ ጥምዝምዙን ገመድ በጣቱ እየጠቀለለ፣ ግራ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ይስቃል። ጥር ላይ ከደረጃ ከወደቀ ወዲህ፣ እነሆ ሐምሌ ገባ፣ ሲስቅ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። «ቁልፉን ብሰጣት በሳምንቱ ማርሹን ዱቄት አድርጋ በላስቲክ ቋጥራ ነው የምታስረክበኝ። ለሚያውቅበት ሰው ልሽጣት ያልኩት ለዚህ ነው። ሶ፣ አራት ሰዓት ላይ ፌደራል ዌይ እንገናኝ። አዎ፣ በእኛ አራት ሰዓት። ኦኬ።»

ስድብ ነው እንዳይባል ስድብ አይደለም። በዚያ ዘመን ሲያትል ውስጥ የምናውቃቸው ሴቶች ሁሉ፣ ከወንዶቹም የሚበዙት፣ አውቶማቲክ ነበሩ። ሰው ሁሉ ካምሪ ይነዳል፤ ካምሪ ያልደረሰው፣ እንደ እናኑ፣ ኮሮላ ይነዳል፤ ኮሮላም ያልደረሰው ካምሪ ካለው ሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከዚህ ሥርዓት ያፈነገጠው ብዙነህ ብቻ ነበር። መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ ሂሳብ ሲቀበል ኖሮ፣ አንድ ቀን ቀይ አኩራ ኢንቴግራ እየነዳ ቤቱ መጣ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ሞተሯ ስምንት ሺህ ዙር ድረስ የሚጮህ። ባለ ሁለት በር መኪና የሚገዛ አበሻ ወይ አላገባም ወይ ሊፈታ ነው ይባል ስለነበር፣ በዚያ ሳምንት ሦስት ሴቶች ለእናኑ ደውለው አጽናንተዋታል። አንዷ እንዲያውም ጠበቃ አውቃለሁ ብላ ነበር።

እናኑ ማሰሪያውን ጨምቃ የመጋረጃው ዘንግ ላይ አሰጣችው። ሌክ ሲቲ ያለው ቤታቸው መኝታ ክፍሉ አንድ፣ ሳሎኑ አንድ፣ ምንጣፉ የቀዘቀዘ ሻይ የመሰለ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለመናገር የተለመደ ነገር ነበር። ተጣልተው አይደለም። ብዙነህ ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ጣራ ያፍነው ይመስል ከደጅ ሲገባ አፉ ይዘጋል። የሚናገረው መኪና ውስጥ ነበር፣ እሱም ከሦስተኛ ማርሽ በኋላ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ቤት ውስጥ ቲማቲም አለ?» ይላታል። ታች፣ ከሕንፃው ሥር፣ በሩን ሲከፍቱ የሚሸት አትክልት ቤት አለ፤ እነሱ ግን ለቲማቲም ብለው ማውንትሌክ ቴራስ ድረስ ይሄዳሉ። ቤንዚን ከወተት የሚረክስበት፣ አይ-ፋይቭም ገና መንገድ የነበረበት ዘመን ነው፤ እንደ አሁኑ መኪና ማቆሚያ አልሆነም። ወደ አውራ ጎዳናው መግቢያ ላይ ብዙነህ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጁን ይረግጠዋል። የዙር ቆጣሪው መርፌ አራትን አለፍ ሲል ሞተሯ ድምጿን ትለውጣለች፤ ስታጉረመርም የቆየች ሴት ድንገት ዘፈን እንደ ማንሳት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ቀዩ መስመር የሚጀምርበት ስምንት ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጭ! ሦስተኛ። ዘፈኑም ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ብዙነህም ማውራት ይጀምራል። እናቱ የሞተችበትን ክረምት የነገራት በሦስተኛ ማርሽ ነው። አሜሪካ በመምጣቱ አንዳንድ ቀን እንደሚጸጸት የነገራት በአራተኛ ነው።

«ምስጢሩ ማርሹን የምትለቂበት ላይ አይደለም» ይላት ነበር፣ እሷ ሳትጠይቀው። «የምታርፊበት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሞተሩ ጮኸብኝ ብሎ ቶሎ ይቀይራል። ቶሎ ከቀየርሽ የሚቀጥለው ማርሽ ላይ ስታርፊ መርፌው ከአራት ሥር ይወድቃል፣ ድምጿም ይጠፋል፤ ከዚያ እንደገና ልመና ነው። እስከ ስምንት ከታገሥሽ ግን ዘፈኑ መሀል ነው የምታርፊው። ሶ፣ ከመልቀቅሽ በፊት የት እንደምታርፊ አስቢ።» እናኑ ስለ ሞተር የምታውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ ስለ ባሏ ግን ከዚህ በላይ አወቀችበት። ደስ ሲለው ስምንት ላይ ይቀይራል። ሲደክመው አምስት ላይ። ልጅ እንደማይወልዱ ሐኪሙ የነገራቸው ዕለት፣ ከሆስፒታሉ እስከ ሌክ ሲቲ ድረስ፣ የተኛ ሰው እንደ ጫነ ሁሉ እያንዳንዱን ማርሽ ሦስት ሺህ ላይ ቀስ አድርጎ እየቀየረ ነው የመጣው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሁሉን ነገራት። እግሩን የሰበረ ጊዜ እናኑ ያጣችው ይህንን ነው። የተሰበረው የግራው፣ የፍሪሲዮኑ እግር ነው፤ ሐኪሙም ጉልበቱን ከፍቶ ከሰፋው በኋላ «ከእንግዲህ አውቶማቲክ ንዳ» አለው። መኪናዋ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍና መኪና ማቆሚያው ጥግ ቀረች፤ ብዙነህም ሌላ ሸራ ለብሶ ሶፋው ላይ ቀረ። ሲከፋው፣ ሲሻለው፣ ተስፋ ሲቆርጥ የምታውቅበት መንገድ ጠፋ። መሸጡን እንኳ የነገራት ቴሌቪዥን እያየ ነው። አትሽጥ ማለት ፈልጋ ነበር። ለምን ብሎ ቢጠይቃት ግን ምን ትላለች? እግርህ የሚነግረኝን አፍህ ስለማይነግረኝ ነው ይባላል?

ስልኩ እንደገና ጮኸና እናኑ አነሳችው። ኢንቴግራዋን እስከ ፌደራል ዌይ ከተማ ሊነዳላቸው የተስማማው ጓደኛቸው ሥዩም ነበር።

«ምን አለ?» አላት ብዙነህ።

«ኦቨርታይም ኮል አድርገውት ሥራ ገብቷል። ይቅርታ በሉልኝ አለ።»

ብዙነህ መስኮቱን አየ፣ ጉልበቱን አየ። «ለሰውዬው አራት ሰዓት ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እሱም በኋላ ሥራ ይገባል።»

«እኔ እነዳታለሁ።»

«ምኗን?»

«ቀይዋን።»

«እናኑ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«እኔ መቼ ሳቅሁ? ቅድም ሲስቅ የነበረው አንተ ነህ» አለችውና ለጉልበቱ በረዶ ልታወጣ ፍሪጁን ከፈተች። ትናንት ከታች ያመጣችው አራት ፓውንድ ቲማቲም በረዶው ላይ ተጭኖ ስለነበር አንድ በአንድ ማንሳት ነበረባት።

እውነቱን ለመናገር ብዙነህ የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪናዋን የገዛ ሰሞን ሦስት እሑድ ኖርዝጌት ያለው ባዶ ሜዳ ወስዶ አስተምሯት ነበር። በሦስተኛው እሑድ ሞተሩ አምስቴ ሲጠፋባት ከት ብሎ ሳቀ፤ እሷም ቁልፉን ነቅላ በእጁ አስቀመጠችለትና ዳግመኛ በዚያ በኩል አልተቀመጠችም። ዛሬ ስትቀመጥ ወንበሩ እሱ እንደ ተወው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ወደ ፊት ልትስበው ስትል «ተይው፣ አትንኪው» አላት፤ በመኪናዋ ላይ የመጨረሻ ኑዛዜው መሰላት። ተወችው። በጣቶቿ ጫፍ ፍሪሲዮኑን እየረገጠች፣ እንደ ፈረስ እየዘለለች ከግቢው ወጣች። ሌክ ሲቲ ዌይ ላይ አንዴ ጠፋባት። አይ-ፋይቭ መግቢያ ላይ፣ በአንድ አረንጓዴ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፈው ትንሽዬ መብራት ጋ፣ አረንጓዴው በርቶ ሳታልፍ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላዋ ያለው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ሲያትል ውስጥ በዚያ ዘመን ጥሩምባ መንፋት ዘር ማንዘርን እንደ መሳደብ ነው። ብዙነህ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛው አረንጓዴ ሲበራ እንደ ፌንጣ ተስፈንጥራ ወጣች።

«ቀይሪ! ቀይሪ! ሦስት ደርሷል እኮ! ቀይሪ!»

ቀየረች። ሁለተኛ ገባች፤ ገና ሦስት ሺህ ሲነካ «ቀይሪ!» አላት። ሦስተኛ፤ «ቀይሪ!» መኪናዋ እያሳለች፣ እየተንገፈገፈች፣ በቁጡ የጭነት መኪናዎች መሀል እንደ ጋሪ እየተጎተተች ወደ ደቡብ ሄደች። እናኑ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላት። ሦስት ሺህ። ይኸው ሰው በእሷ እግር በኩል እየነገራት ነው። ማርሹ እንዳይሰበር ፈርቶ ይመስለዋል፤ የቀይሪው ድምፅ ግን የዚያች የሆስፒታል ቀን ድምፅ ነው። ዘወር ብላ ልታየው አልቻለችም፤ መንገዱ አያስዞርም። ድልድዩን ተሻገሩ። ኪንግዶም ስታዲየም ገና ሳይፈርስ እንደ ተደፋ ድስት ቁጭ ብሏል፤ የቢራ ፋብሪካው ቀይ ፊደል ጣሪያው ላይ ቆሟል፤ ከፊት ለፊት የሬኒየር ተራራ ከነበረዶው ተገልጧል። እንዲህ ባለ ቀን የአገሩ ሰው «ተራራው ወጣ» ይላል። ብዙነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን «አየሽው?» ይላት ነበር። ዛሬ ጉልበቱ ላይ ያለውን በረዶ ብቻ እያገላበጠ ነበር።

ጌዴዎን ከአፓርታማው ደጅ ቆሞ ጠበቃቸው። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ እሑድ እሑድ ፌደራል ዌይ ባለች የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ፣ የአምስት ልጆች አባት ነው። «ተባረኩ! እትዬ እናኑ፣ እርስዎ ነዎት የነዷት? ጌታ ይመስገን!» ብሎ ሁለቱንም አቀፋቸው፤ ሲጨርሱም በታክሲው ሌክ ሲቲ ድረስ በነፃ እንደሚመልሳቸው ነገራቸው። የመጀመሪያ ልጁ ሃሌሉያ መጥታ አንገቷን በመስኮት አስገብታ የኋላውን ወንበር መረመረች።

«ዳድ፣ ዌር ዱ ዊ ሲት?»

«በተራ» አላት አባቷ። «አንቺ ሰኞ፣ ወንድምሽ ማክሰኞ።» ለብዙነህ ደግሞ ቀስ ብሎ «ርካሽ ስለሆነች ነው፣ ጋሼ፤ ትንሽ ሞተር ነዳጅ አትበላም ብዬ ነው» አለው።

ለሙከራ ሲወጡ ጌዴዎን መሪው ላይ፣ ብዙነህ አጠገቡ፣ እናኑ ከኋላ ጉልበቷን አገጭዋ ድረስ ሰብስባ ተቀመጡ። ጌዴዎን አዲስ አበባ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። አነዳዱ እንከን አልነበረውም፤ መኪናዋ ግን ላዳ አልነበረችም። «አንደኛ ለመነሻ ብቻ ናት» አለ፤ ተነሣና ወዲያው ሁለተኛ አስገባ። «ሁለተኛ ለሰላምታ» አለ፤ ሦስተኛ አስገባ። የሰፈሩን የፖስታ ሣጥኖች ሳያልፉ አምስተኛ ገብቶ ነበር። ሞተሯ ከወንበሩ ሥር እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። እናኑ በመሀል ወደ ታች ስታይ የብዙነህ ግራ እግር፣ ያ የተሰፋው፣ ምንጣፉን እየረገጠ የሌለ ፍሪሲዮን ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ወደ ሬዶንዶ፣ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቁልቁለት መጣ። ጌዴዎን ፈገግ አለ። ማርሹን አውጥቶ ሞርቶ፣ ባዶው ላይ አደረገ፤ አከታትሎም ቁልፉን ቀጭ አድርጎ ሞተሩን አጠፋው። የአዲስ አበባ ባለ ታክሲ ከእንጦጦ ሲወርድ እንዲህ ያደርጋል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዲት ኩባያ ቤንዚን ማትረፊያ ናት። «እዚህ ላይ እንግዲህ» አለ ጌዴዎን እጁን ከመሪው ላላ አድርጎ፣ «የሚነዳው ጌታ ነው።»

መኪናዋ ያለ ድምፅ ወረደች። የጎማው ሹክሹክታና የነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከታች ባሕሩ ተዘርግቶ ይጠብቃል። እናኑ በትንሹ መስታወት የባሏን ፊት አየችው፤ ከጥር ወዲህ ያለ ማርሽ ስታነበው የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኑ ዜሮ ላይ በወደቀው የዙር ቆጣሪ መርፌ ላይ ተተክሎ ነበር። ይህ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ሁሉ ነገር ይቀራል፤ ግን ቃል ሰጥቷል፣ ገዢው ደግሞ ደስ ብሎታል፣ ደስ ያለውን ሰው ማስከፋት አይሆንለትም።

«ነዳጅ የማታውቅ መኪና ናት፣ ጋሼ» አለ ጌዴዎን ከባሕሩ ዳር ሲያቆማት። «ወሰድኳት።»

«እሺ» አለ ብዙነህ። ሦስት ሺህ ላይ ያለ እሺ ነበር።

«አውጡኝ» አለች እናኑ ከኋላ።

በሁለት በር መኪና ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊተኛው ካልወረደለት አይወጣም። ብዙነህ በዚያ ጉልበት ቶሎ ስለማይነሣ ጌዴዎን «ይቅርታ እትዬ፣ ጠበበዎት አይደል» ብሎ ዘሎ ወረደ፤ ወንበሩንም አጠፈላት። እናኑ ወጣች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ተቀመጠችበት። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ብረት ይዛ፣ የወንበሩ ጥርስ እየተንቋቋ፣ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ሳበችው።

ጌዴዎን በሩን እንደ ያዘ ቀረ። «እትዬ፣ ምነው?»

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። መኪናዋ ነጂ አላት።»

«ማን?»

«አውቶማቲኳ ሴትዮ።»

ብዙነህ ወደ ባሕሩ ዞረ። አንዲት ወፍ የባሕሩ ዳር መከለያ ላይ አርፋ ታየዋለች። «ሰምተሻል?» አላት ወፏን እያየ።

«ቤታችን ሁለት ክፍል ነው እኮ፣ ብዙነህ።»

ጌዴዎን አንዱን አየ፣ አንዷን አየ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው የባልና ሚስት ዝምታ መቼ እንደማይነካ ያውቃል። «ጋሼ?» አለ ብቻ።

ብዙነህ ፊቱን ከባሕሩ መለሰ። «ጌዴዎን፣ አዋረድኩህ። ቃሌን በላሁ።»

«ምንም አይደል። ጌታ ካሰበልኝ ባለ አራት በር ይሰጠኛል» አለና፣ ቤቱ መመለስ ስላለበት፣ በተራው ታጥፎ ከኋላ ገባ። ከዚያ ጥግ ሆኖም «ኧረ ልጆቼ እዚህ አይገቡም!» ሲል ተሰማ።

ዳገቱ ግን ታሪክ ሰምቶ አይራራም። እናኑ መሀል ላይ ቀይ መብራት ይዟት ሞተሩ ጠፋባት፤ መኪናዋ ወደ ኋላ፣ ወደ ባሕሩ መንሸራተት ጀመረች። «ኢየሱስ!» አለ ጌዴዎን። ብዙነህ የእጅ ፍሬኑን ሽቅብ ሳበና ያዘላት። ቁልፉን አዞረች። «ነዳጅ ስጫት። ጨምሪ። አይዞሽ፣ ትጩህ» አላት፤ ትጩህ ሲላት ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። እሷ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ስትለቅ፣ እሱ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሲለቅ፣ መኪናዋ ተንጠልጥላ ቆየችና ወደ ላይ ተጎተተች። ጌዴዎንን ደጁ ላይ ሲያወርዱት ልጁን አቅፎ «አንቺ ሰኞም የለሽ» ሲላት ሰሙት።

ወደ አይ-ፋይቭ ሰሜን መግቢያው ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እናኑ አንደኛን ቶሎ ለቀቀችና ሁለተኛ ላይ ወደቀች፤ ሞተሯ አጉረመረመች። «ቀይሪ» የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም። ነዳጁን ረገጠችው። ሦስት ደረሰ፤ ከጎኗ ያለው ሰው ዝም። አራትን አለፈ፤ ያ ድምፅ መጣ፣ ከጥር ጀምሮ በሸራ ሥር ታፍኖ የከረመው ዘፈን። አምስት። ስድስት። መሪው በእጇ ውስጥ ቀለለ። ሰባት። እጇ ወደ ማርሹ ሊሮጥ ሲል መለሰችው፤ የት እንደምታርፍ አሰበች። ስምንት ጫፍ ላይ ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ በዚያችው ቅጽበት የብዙነህ ግራ እግር፣ በዚያ በተሰፋ ጉልበት፣ ምንጣፉን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ቀጭ። ሦስተኛ። ዘፈኑ አልተቋረጠም።

ተራራው ከኋላቸው ቀረ። እናኑ አራተኛ አላስገባችም።

«የወደቅሁ ዕለት» አለ ብዙነህ፣ «መጀመሪያ ያየሁት እግሬ መሰበሩን አይደለም። ግራው መሆኑን ነው። ቀኙ ቢሆን ኖሮ እኮ አልኩ፣ ደረጃው ላይ ተኝቼ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ለብረት ያለቅሳል ትዪኛለሽ ብዬ።» ማውራቱን ቀጠለ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ እሷ ከሥራ ስትመጣ የኮሮላዋን ድምፅ ብቻ ይሰማ እንደነበር፤ አውቶማቲክ ስለሆነ በምን ስሜት እንደ መጣች አይነግረኝም እያለ ይናደድበት እንደነበር። የቢራ ፋብሪካው ፊደል አለፈ፤ የተደፋው ድስት አለፈ፤ ድልድዩም አለፈ፤ እሱ ያወራል። እሷ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ወደ ሌክ ሲቲ የሚያወጣው ምልክት ከሩቅ ሲታይ ወሬውን ገታ። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ «ቤት ውስጥ ቲማቲም አለ?» አላት።

አራቱ ፓውንድ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶው ካለበት ጎን፣ አንድ በአንድ ተደርድሯል።

«አልቋል» አለችና መውጫውን አለፈችው።